«ጤነኛ» ተብሎ የተጻፈው ሳል

ሳል ማዳመጥም ሥራ ሆኖ ደመወዝ ይከፈልበታል ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ ይከፈልበታል። የማወራላችሁ ሴት ጎጆ የወጣችውም፣ አማቷን የጦረችውም በዚሁ ነው። የምትሠራበት የሳንባ ምርምር ተቋም የሰዎችን ሳል እየቀዳ ያጠራቅማል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የበሽተኛና የጤነኛ ሳል በብዛት ተሰብስቦ ለኮምፒዩተር ሲሰጠው ልዩነቱን ይማራል። ከዚያ ራጅ በሌለበት ጤና ጣቢያ እንኳ ሰው ስልክ ላይ ስሎ «ቶሎ ሐኪም ጋ ሂድ» ወይም «ግድየለም፣ ደህና ነህ» ይባላል። የእሷ ድርሻ እያንዳንዱን ቅጂ በጆሮ ማዳመጫ መስማት ነው። ሰውዬው ከአፉ ያመለጠው ቃል ካለ ቆርጣ ትጥላለች፣ ድምፅ ማንነትን ያሳብቃልና። የወንበሩን ሲጥታና የመኪናውን ጥሩምባ ታጸዳለች፤ በመጨረሻም ሳሉ ደረቅ ነው እርጥብ፣ ፉጨት አለው የለውም ብላ ትጽፋለች።

ድሮ የስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበረች። ደዋዩ «ሃሎ» ብሎ ሳይጨርስ ማን እንደሆነና ከማን ጋር ተኳርፎ እንዳደረ ታውቃለች እየተባለ ይወራባት ነበር። ስልክ ቤቱ በማሽን ሲተካ ያንኑ ጆሮዋን ይዛ ወደ ተቋሙ መጣች፤ መጠሪያዋም እዚያው «ጆሮ» ሆኖ ቀረ። ጥበቃው ሳይቀር ጠዋት በሩ ላይ «ጆሮ ገብታለች፤ ሐሜት የያዛችሁ ድምፅ ቀንሱ» ይላል።

ባሏ አናጺ ነበር። የተገናኙትም በሥራ ነው። ተቋሙ የሳል መቅጃ ክፍል ሲያሠራ እሱ መጥቶ ግድግዳውን በእንጨትና በስፖንጅ ለበጠው። የጨረሰ ዕለት እሷን ወደ ውስጥ አስገብቶ በሩን ዘጋና ከውጭ ሆኖ ጮኸ። ወጥታ «ምንም አልሰማሁም» ስትለው፣ «ታገቢኛለሽ ወይ ብዬ ነበር የጠየቅሁት፤ ዝምታ ደግሞ መስማማት ነው» አላት። እንዲህ ያለ ነገረኛ! ስቃ ሳትጨርስ ሚስቱ ሆነች። ልጅ አልወለዱም። እሷ፣ እሱና የእሱ እናት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ አንዳንዴ እየተሳሳቁ፣ አንዳንዴ እየተነታረኩ ኖሩ።

ጠዋት ጠዋት ያስለው ነበር። ከአልጋ ወርዶ ጫማውን ሲፈልግ ይጀምረዋል፣ ፊቱን ሲታጠብ ይተወዋል። «የመጋዝ ብናኝ ነው» ይላል። አናጺ ሁሉ ያስለዋል፤ በቃ፣ ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል። ያልወደዱት እናቱ ብቻ ናቸው። «የዚህ ልጅ ሳል አላማረኝም» ሲሉ ምራታቸው እየሳቀች፣ «ኧረ እማዬ! ሳል እኮ የኔ ሙያ ነው፤ እርስዎ ይንገሩኝ እንዴ?» ትላቸዋለች። እሳቸውም «እሱስ ልክ ነሽ» ብለው ዝም ይላሉ። ዛሬ ሲያስቡት ምላስ የሚያስነክስ ነገር ነው፤ ያኔ ግን የዘወትር ቀልዳቸው ነበር።

ለጥናቱ በሽተኛ ማግኘት አልቸገረም፤ የቸገረው ጤነኛ ነው። ምን ጎደለኝ ብሎ ነው ሰው ደህና ሳንባ ይዞ ተቋም ድረስ ሄዶ ሲያስል የሚውለው? ቀኑ እየገፋ የጤነኞቹ ቁጥር አልሞላ ሲል ሠራተኛው ሁሉ ዘመዱን እየጎተተ ማምጣት ጀመረ። ሾፌሩ የሚስቱን ወንድሞች፣ ጸሐፊዋ እህቷን ከነባሏ፣ ጥበቃው ግማሽ መንደሩን አመጣ። ራጅ የሚነሡት በሽተኞቹ ብቻ ነበሩ። ጤነኛው በቃሉ ይታመናል፤ ተጠይቆ «የለብኝም» ካለ የለበትም። ሰው ደግሞ ጠያቂው የገዛ ዘመዱ ሲሆን ደህና ነኝ ማለት ይቀናዋል። ይህን በጊዜው ያሰበ አልነበረም፤ ስንት ዲግሪ ያለበት ቤት ውስጥ!

እሷም አናጺዋን አመጣች። ራሱ በለበጠው ክፍል አስቀምጣው፣ ከመስታወቱ ወዲያ ሆና፣ በድምፅ ማጉያ፣ እንደማታውቀው ሰው ኮስተር ብላ ትጠይቀው ገባች።

«ጌታዬ፣ ሰሞኑን ሳል ነበረብዎት?»

«ከሚስቴ ጭቅጭቅ በቀር ምንም የለብኝም።»

«በቁም ነገር!»

«ኧረ የለብኝም። አንቺስ አታውቂም?»

ታውቃለች። የዚያኑ ዕለት ጠዋት እንኳ ሰምታዋለች። ግን የጠዋቱ ሳል ለሷ ሳል መሆኑ ከቀረ ቆይቷል፤ እንደ ጎረቤት ሬዲዮ ከቤቱ ድምፆች አንዱ ሆኗል። «የለም» በሚለው ላይ ምልክት አደረገች። እሱም ጣውላ ሲፈትሽ እንደሚያደርገው የወንበሩን ክንድ በጣቱ አጥንት ኳ ኳ አድርጎ መታና አንድ ጊዜ ሳለላት። የሰውን ሁሉ ቅጂ ደጋግማ የምትሰማ ሴት የባሏ ተራ ሲደርስ እየሳቀች ስለነበር አንዴ ሰምታ አለፈችው። «ጤነኛ» ብላ አስገባችው።

የመጀመሪያው ጽሑፍ ወጣ፣ ተጨበጨበለት። ሌሎች ተመራማሪዎች «እስቲ ቅጂዎቹን ስጡን፣ እኛም እንሞክራቸው» ብለው ሲጠይቁ ግን የተቋሙ ኃላፊ አሻፈረኝ አለ። «ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጽሑፍ ሳናወጣ ከከፈትነው በራሳችን ዕቃ ይቀድሙናል» አለ። ስብሰባው ላይ ደግፈው ከተናገሩት አንዷ እሷ ነበረች። «ጆሮዬ እስኪግል ያዳመጥኩትን ሌላው ቁጭ ብሎ ሊወስደው ነው?» አለች። ተሳቀ፣ እጅ ወጣ፣ ጸደቀ። ሳሎቹ ተቆለፈባቸው፤ ዓመት አልፎ ዓመት ተተካ።

በዚያ መሀል አናጺው መክሳት ጀመረ። ደረጃ መሀል ላይ ቆሞ ያርፋል፤ መጋዙን አስቀምጦ ትንፋሹን ይሰበስባል። ቀጥሎ ደም መጣ። ሐኪሙ የራጁን ፊልም ወደ መብራቱ አንሥቶ አየና «ትንሽ ቀደም ብላችሁ መጥታችሁ ቢሆን» አለ፤ የቀረውን አልጨረሰውም። ከዚያ በኋላ የነበረው ጊዜ አጭር ነው። ቀበሩት።

እሱ ሄደ እንጂ ሳሉ አልሄደም። ጠዋት፣ ጫማ በሚፈለግበት ሰዓት፣ ይሰማታል። ብድግ ትላለች፤ ማንም የለም። ቧንቧው ነው ትላለች ለራሷ። አውቶቡስ ውስጥ ከኋላዋ ሰው ሲያስል ትዞራለች፤ የማታውቀው ሰው ነው። ሥራ ላይ ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጠችው በኋላም የሚሰማት ቀን ነበር። ትፈራ ጀመር። ይህን ለማን ትናገራለች? አበደች ነው የሚሏት። አማቷ በበኩላቸው ሞቱን ይሠራበት በነበረው አናጺ ቤት አሳበቡ። «ያ ብናኝ ነው ልጄን የበላው» ብለው ይራገማሉ፤ እሷም አብራ ትራገማለች። በዚህ ዓለም ላይ ከሳቸው በቀር ሰው የላትም፤ እሳቸውም ከሷ በቀር። እንደ እውነቱ ሁለቱን ሴቶች አንድ ላይ ያዋላቸው ያ እርግማን ነበር።

ቆየት ብሎ ሳይንስ ለሁሉ ክፍት ይሁን የሚል ነገር መጣ። የምርምሩን ወጪ የሚሸፍኑት ክፍሎች «ቅጂዎቹን ካልከፈታችሁ ከኛ ጋር አትቀጥሉም» አሉ። ትናንት ሲቆልፍ የነበረው ኃላፊ በማግሥቱ መድረክ ላይ ወጥቶ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያለ ይተርት ጀመር። አይ ሰው! የሆነ ሆኖ ሥራው ተሠራ። ሳሎቹ ስማቸው ተነሥቶ፣ በዕጣ ቁጥር ተሰጥቷቸው፣ ማንም ከየትም ሆኖ በነጻ እንዲሰማቸው ኢንተርኔት ላይ ወጡ። እንዴት እንደተቀዱ፣ የትኛው ለምን እንደተጣለ አብሮ ተጻፈ። መግቢያውን ያዘጋጀችው እሷ ናት፤ «ስህተት ካገኛችሁ ንገሩን፤ አንደብቅም፣ በግልጽ እናርማለን» የሚለው የሷ ቃል ነው። ጥያቄ ሲመጣም የምትመልሰው እሷ ናት።

ብዙም ሳይቆይ ከባሕር ማዶ መልእክት መጣ። የላከችው የማታውቃት ሴት ተመራማሪ ናት። ከሰላምታው በኋላ እንዲህ ይላል፦

«ቅጂዎቻችሁን ስለከፈታችሁልን እናመሰግናለን። አንድ ነገር ግን እረፍት ነሣን። ከጤነኞቹ መሀል አርባ ሰባት ቁጥርን ማሽናችን በየትኛውም መንገድ ብናስተምረው ከበሽተኞቹ ጋር ይመድበዋል። እኛም በጆሯችን ሰማነው። መጨረሻው ላይ ቀጭን ፉጨት አለ፤ የደህና ሰው አይመስልም። ምናልባት ሲመዘገብ ተሳስቶ ይሆናል። ካልሆነ ግን እባካችሁ ሰውዬውን ፈልጉትና እንዲመረመር ንገሩት። ገና ጊዜ ይኖረው ይሆናል።»

አርባ ሰባት ማን ይሁን? ቁጥሩን ከስም የሚያገናኘው ሰነድ ኃላፊው ዘንድ ይቆለፋል እንጂ እሷ ጋ የለም። ከሾፌሩ ሚስት ወንድሞች አንዱ ይሆናል ብላ፣ ምስኪን፣ አዘነችለት እንኳ። ማዳመጫዋን ይዛ ወደ መቅጃው ክፍል ሄደች። ረፋድ ነው፤ ኮሪደሩ ላይ ሰዎች ስለ ኳስ ይከራከራሉ። ገብታ በሩን ስትዘጋ ጫጫታው ጥርግ ብሎ ጠፋ። ቅጂውን ከፈተች።

ኳ ኳ።

ቀጥሎ ሳለ። እሱ በለበጠው ግድግዳ መሀል፣ ከጆሮዋ ሥር፣ በሕይወት እንዳለ ሰው። ዞር ብላ ወንበሩን አየችው፤ ባዶ ነው። ደግማ ከፈተችው፤ አሁን ባለሙያዋ ነበረች የምትሰማው። ሳሉ እርጥብ ነው። መጨረሻው ላይ አየሩ በጠባብ ነገር ውስጥ ሾልኮ እንደሚወጣ ፊይ ይላል። የሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ትይዘው ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት እንዲህ ላለው ነው። ከሳሉ በኋላ የነበረውን የገዛ ሳቋን ያኔ ቆርጣ ጥላዋለች፤ የቆረጠችበት ቦታ ይታወቃታል።

ለቀባሪው አረዱት! ሰውዬውን ፈልጊና ንገሪው አለቻት፤ ማንን ትፈልግ? የት ብላ? ከሁሉ ያቃጠላት ደግሞ ሌላ ነው። እሷ «ይቆለፍ» ባለችበት ቀን «ይከፈት» ተብሎ ቢሆን ይቺ ሴትዮ መልእክቷን ያኔ ትልከው ነበር። ያኔ እሱ ደረጃውን በሩጫ ነበር የሚወጣው። «እኔ ነኝ የገደልኩህ» አለች ጮክ ብላ። ክፍሉ መቼም ድምፅ አያስወጣም፤ የሰማት የለም። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ፊቷን ታጥባ ኃላፊው ጋ ሄደችና ነገረችው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወንበር ስቦ አስቀመጣት፣ ውኃ ቀዳላት፣ ሰነዱን አውጥቶ አየ፤ የአናጺው ስም ነው።

«ነፍሱን ይማር» አለ። «እንግዲህ ይህን የምናውቀው አንቺና እኔ ብቻ ነን። ቅጂውን ከገጹ እናንሣው። ምክንያቱን ‹የድምፅ ጥራት ጉድለት› እንበለው። ላንቺም ቢሆን ይሻልሻል።»

«በግልጽ እናርማለን ያልነውስ፣ ዶክተር?»

«ስናርም እኮ ‹ጤነኛ ያልነው ሰው ታሞ ነበር፣ ሞቷል› ብለን ነው የምንጽፈው። ሌሎቹ ጤነኞችስ እንዴት ናቸው ይሉናል። ደግሞ የሞተን ሰው ገመና አደባባይ ለማውጣት የቤተሰብ ፈቃድ ያስፈልጋል። አንቺ ደግሞ የተቋሙ ሠራተኛ ነሽ፤ ያንቺ ብቻ አይበቃም። እናቱ ይፍቀዱ ነው የሚባለው።»

እናቱ! እዚህ ላይ ተያዘች። ቅጂው ዝም ብሎ ከተነሣ አማቷ እስከ ዕለተ ሞታቸው አናጺ ቤቱን እየረገሙ፣ እሷን «ልጄ» እያሉ ይኖራሉ። ከታረመ ግን ሄዳ መናገር አለባት፤ ልጅዎ ታሞ ፊቴ ተቀምጦ ሲያስል እኔ እየሳቅሁ «ጤነኛ» ብዬ ጻፍኩት ማለት አለባት። ማን ይህን ሰምቶ አንድ ጣሪያ ሥር ይኖራል? «ላስብበት» ብላ ወጣች። እውነቱን ለመናገር ልቧ ወደ «ጥራት ጉድለቱ» አዘንብሏል። ሰው ነችና!

ያስጨነቃት ግን አንድ ነገር አለ። ቅጂው ከገጹ ቢነሣ የወሰዱት ወስደውታል። በየአገሩ ባሉ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ያ ሳል «ጤነኛ» እንደተባለ ተቀምጧል፤ ማሽኖቹም የጤነኛ ሳል እንዲህ ነው እያሉ ይማሩበታል። የሆነ ቦታ የሆነች ሴት ባሏን ይዛ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፣ እሱ ስልኩ ላይ ይስላል፣ ስልኩም የሷን ስህተት ተምሮ «ግድየለም፣ ደህና ነህ» ይለዋል። እነሱም ደስ ብሏቸው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ይህን ስታስብ እንቅልፍ እምቢ አላት። በግልጽ ካልታረመ በቀር ያን ቃል ከየገባበት ማስወጫ መንገድ የለም።

እሑድ ከሰዓት አማቷ የታጠበ ልብስ ሲያጣጥፉ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ልጅዎን የገደለው ብናኙ ብቻ አይደለም። ለጥናታችን ሊያስል የመጣ ጊዜ ታሞ ነበር። ሳል አለብህ ወይ ብዬ የጠየቅሁት፣ ‹የለም› ብዬ የጻፍኩትም እኔ ነኝ።»

አማቷ ሸሚዙን እንደያዙ እጃቸው ቆመ። «ማን ነገረሽ?»

«ባሕር ማዶ ያለች ሴት። ሳሉን ሰምታ።»

«እሷ በየት ሰማችው?»

«ክፍት ነው፣ እማዬ። ማንም ሰው ሊሰማው ይችላል።»

እሷ ጩኸት ጠበቀች፣ እርግማን ጠበቀች። ውጪልኝ ቢሏት ልብሷን በምን እንደምትሸክፍ ሁሉ አስባለች።

«አላማረኝም ብዬሽ ነበር» አሉ በመጨረሻ።

«ብለውኛል።»

«ሙያዬ ነው አልሺኝ።»

«ብያለሁ፣ እማዬ።»

ሸሚዙን አጥፈው ከሌሎቹ ላይ ደረቡት። ለምን እንደምትነግራቸው ጠየቋት፤ ስለ እርማቱ፣ ስለ ፊርማው፣ ባሏን ይዛ ጤና ጣቢያ ስለምትሄደው ሴት ነገረቻቸው። «ካልፈረምኩ የሰው ልጅ እንደ ልጄ ሊሞት ነው?» አሉ። «ሊሆን ይችላል» አለች። መነጽራቸውን አምጪ አሉና ፈረሙ። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም፤ እሷም ለመጠየቅ አፍ አልነበራትም። እራት ሳይበላ ታደረ።

እርማቱ ወጣ። «አርባ ሰባት ቁጥር ጤነኛ የተባለው በስህተት ነው። ሰውዬው በሚቀዳበት ጊዜ ታሞ እንደነበር እናምናለን፤ በኋላም በሳንባ በሽታ ሞቷል። ጤነኞቹን ያለ ራጅ፣ በቃል ብቻ ተቀብለናል። የወሰዳችሁት ሁሉ አርሙ» ይላል። ቅጂው ግን ከገጹ አልተነሣም። ኃላፊው ፊቱን እያጠቆረ ፈረመበት። ሌሎቹ ጤነኞች ተጠርተው ራጅ ተነሡ፤ ከመሀላቸው የጸሐፊዋ እህት ላይ ገና የጀመረ ነገር ተገኝቶባት በቶሎ መድኃኒት ጀመረች። ጸሐፊዋ ኮሪደሩ ላይ አንገቷን አቅፋ «እህቴን አተረፍሽልኝ» ብላ ስታለቅስ እሷ ግን ዓይኗ ደርቆ፣ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት ቆመች። ባሕር ማዶ ያለችውም ሴት ጻፈች። «እጅግ አዝነናል። ቤተሰቡን አጽናኑልን» ይላል። «እናደርሳለን፤ እናመሰግናለን» ብላ መለሰችላት።

ቤት ውስጥ አማቷ የሚያነጋግሯት በግድ ለሚያስፈልገው ብቻ ሆነ። አናጺ ቤቱን መራገም ተዉ። ስለ ልጃቸው ማውራትም ተዉ።

አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብላ ተመለሰች። ፀሐይ አልጠለቀችም፤ ልጆች መንገዱ ላይ ይጫወታሉ። ደረጃውን ወጥታ በሩ ጋ ስትደርስ ከውስጥ ባሏ ሳለ።

ቧንቧው ነው አላለችም። ይህን ድምፅ አታጣውም። ግድግዳውን ተደገፈች። እንደገና ሳለ። በሩን ገፋ አድርጋ ገባች።

አማቷ መስኮቱ ሥር፣ እሱ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል። የጎረቤት ልጅ ናት የሳሎቹን ገጽ ከፍታ አርባ ሰባት ቁጥርን ያሳየቻቸው፤ ጣታቸውን የት እንደሚያሳርፉ ለምደውታል።

«ክፍት ነው፣ ማንም ይሰማዋል አላልሺኝም?» አሉ።

ስልኩን ልትቀማቸው ፈለገች። ይተዉኝ፣ አልችልም፣ ልትላቸው ፈለገች። በምን አፏ? ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አሮጊቷ ተጫኑት፤ እሱም ሳለ። እስከ መጨረሻው፣ እስከ ፉጨቱ ድረስ ጠበቁና ዓይናቸውን አነሡባት።

«አሁንስ ሰማሽ?»

«ሰማሁ፣ እማዬ።»

አሮጊቷ ደግመው ተጫኑት።